ለሜዳው ዳር የሚሆን ሌንስ

መስከረም 18

ይድረስ ለእህቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ ፎቶ ቤቱም እንዳለ አለ። ባለሽበት ፈጣሪ ይጠብቅሽ፤ የምትረግጪው መሬት ይቅናሽ።

በስልክ ስንገናኝ አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም፤ የሚሠራው የስልኩ ቆጣሪ ብቻ ሆነ። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ወረቀት ላይ ዝም ቢሉ ማንም አይታዘብም።

ጉዳዬ የሙያ ነው። እንደምታውቂው እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ያነሳሁት ጉርድ ፎቶ ነው። ሰው በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ «አገጭ ቀና፣ ጆሮ ይታይ፣ ጥርስ አይታይ» እላለሁ፣ ቀጭ አደርጋለሁ፣ አለቀ። ከሚያለቅስ ሕፃን በስተቀር ካሜራዬ ፊት የተንቀሳቀሰ ሰው የለም። አሁን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ሜዳ መሄድ ጀምሬያለሁ። አዳጊ ልጃገረዶች ኳስ የሚጫወቱበት ነው። ከካሜራዬ ጋር በመጣው ሌንስ ላነሳቸው ብሞክር ሁሉም ጉንዳን ሆነው ወጡ። ሳሩ ግን በጣም ጥሩ ወጥቷል።

አንቺ ሌንስ ስትሸጪና ስትጠግኚ ነው የምትውዪውና ምረጪልኝ። ረጅም ይሁን። ካለው ሁሉ ረጅሙ ይሁን። ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለኝም፤ እኔም ያገለገልኩ ነኝ።

ልጄ ሚጣ ደህና ናት።

ወንድምሽ


ጥቅምት 7

ይድረስ ለጋሼ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እንኳን ጻፍክልኝ። ጤናህን ያብዛልህ፤ እጅህን ከሥራ አይነጥለው። ወገቤ እንዳለ ነው፤ እኔም እንዳለሁ አለሁ።

ጓደኛዬ ካረፈች ወዲህ ከቤትና ከፎቶ ቤት ሌላ የትም ትሄዳለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር። (ሚስትህ ማለት አሁንም አይመጣልኝም፤ ካንተ በፊት የኔ ጓደኛ ነበረች።) ሜዳ መሄድህን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ጥሩ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራችን። «ረጅም ይሁን» ብሎ የሚገባ ደንበኛ አይጠፋም። የሱቃችን ባለቤት እንዲህ ያለውን ሰው ሲያይ ፊቱ ይበራል። እኔ ግን እንደ ሐኪም መጀመሪያ መጠየቅ እወዳለሁ። የምትቆመው የት ነው? ፀሐይ አለ ወይስ ደመና ይበዛል? የምታነሳው ሁሉንም ነው ወይስ አንዷን?

ለልጆች ኳስ እኔ የምመርጥልህ ከሰባ እስከ ሁለት መቶ ሚሊሜትር የሚሄደውን ነው። ረጅም አይባልም። ግን አፉ ሰፊ ስለሆነ ብርሃን ይጠጣል። የሚሮጥ ልጅ ብዥ እንዳይልብህ ካሜራው ቶሎ ከፍቶ ቶሎ መዝጋት አለበት፤ ቶሎ ሲዘጋ ደግሞ የሚገባው ብርሃን ያንሳል። ያኔ ሰፊ አፍ ያለው ሌንስ ይታደግሃል። ከኋላ ያለውን አጥር፣ የቆመውን መኪና፣ የሚያዛጋውን ተመልካች ሁሉ ያደበዝዝልሃል፤ ልጅቷ ብቻ ጥርት ብላ ትቀራለች። ጎሉ አጠገብ ጥጉ ላይ ቁጭ በልና ጠብቅ። ኳሱን አታሳድደው፤ ራሱ ይመጣል።

እስከ ስድስት መቶ የሚሄዱ አሉ። እነሱ ለወፍ ናቸው። እንደ ጡብ ይከብዳሉ፤ አፋቸው ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ደመና ሲመጣ ግራ ይገባቸዋል። ደግሞ ጋሼ፣ ሌንስ እግርን አይተካም። ጥቂት እርምጃ መቅረብ የሚያደርገውን አንድ ቁምሳጥን ሙሉ ሌንስ አያደርገውም።

ሚጣስ? አሁንም በረኛ ናት? የምትጫወተው እዚያው ሜዳ ነው? በል ዝርዝሩን ጻፍልኝ።

ታናሽህ


ጥቅምት 26

ይድረስ ለእህቴ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ምክርሽን በደንብ አንብቤዋለሁ። እንዲህ አድርገሽ ስታስረጂ የሱቁ ባለቤት ምን ያህል እንደሚጠቀምብሽ ገባኝ። ግን ስድስት መቶውን ላኪልኝ።

ወደ ሜዳው ዳር ሰው አያስጠጉም። ሕግ አላቸው። ፀሐይ አለ። የማነሳው ሁሉንም ነው።

ሌላ ምን አለ? የፎቶ ቤቱን ነጭ መጋረጃ ቀየርኩት፤ ቢጫ ሆኖ ነበር። ልዩነቱን ያየ ደንበኛ የለም። ማታ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሐዘን እንቅልፍ ይነሳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔን አልነሳኝም። ጭንቅላቴ ትራስ ሲነካ እንደ ሬዲዮ ነው የምጠፋው።

ሚጣ ደህና ናት። አዎ፣ በረኛ ናት።

ወንድምሽ


ኅዳር 21

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን ከረምክ? ቤትህን ሰላም፣ ደጅህን ደንበኛ አይለየው።

እንዳልከው ይሁን። ከኔ በላይ ፎቅ የምትኖር አንዲት ነርስ ቤተሰቧ ዘንድ ጥቂት ወራት ልትቆይ ወደ እናንተ እየመጣች ስለሆነ ሌንሱን በእጇ ልኬልሃለሁ። ከመቶ ሃምሳ እስከ ስድስት መቶ ነው። የአንድ ጡረተኛ ሰውዬ ነበር፤ ወፍ ነበር የሚያነሱት። ዓይናቸው ሲደክም አምጥተው ሸጡልን። ሲያስረክቡኝ በካፖርታቸው እጅጌ አንድ ጊዜ ጠረጉት፤ ከዚያ ወጡ። ውስጡን ፈትሼዋለሁ፤ አቧራም ሻጋታም የለበትም።

አሁን ስማኝ። የካሜራውን ፍጥነት ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ በታች አታውርደው። በእጅህ ብቻ እይዘዋለሁ እንዳትል፤ ባለ አንድ እግር ማቆሚያ አብሬ ልኬልሃለሁ። በዚያ ርዝመት እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ፎቶው ላይ ትልቅ ነው። ፎከሱን ፊቷ ላይ አድርግ እንጂ ማሊያዋ ላይ አታድርግ። ኳሱ ሲመጣ ሳይሆን ሊመጣ ሲል ጀምረህ ተጫን፤ ከመጣ በኋላ ከሆነ የምታነሳው የሄደ ነገር ነው።

ሳልሞክር መላክ ስላልፈለግሁ እሁድ መናፈሻ ሄጄ እርግቦች አነሳሁ። አንዷ በትክክል ወጣች። ሌላ ምንም አልሠራሁም፤ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቆይቼ ሲበርደኝ ገባሁ።

አንድ ነገር። የት እንደምትቆም ጠይቄህ ነበር፤ ዘለልከው። አያስጠጉም ካልክ ከየት ሆነህ ነው? ፎቶዎቹን አትመህ ላክልኝ። ሚጣም ከታች ሁለት መስመር ትጻፍልኝ። ድሮ ከናቷ ጽሑፍ ሥር የምትሥለው ድመት እንኳ ይበቃኛል።

ታናሽህ


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለእህቴ፤

ክብረት ይስጥልኝ። ሌንሱ ደርሷል፤ ነርሷ ጨዋ ልጅ ናት። በካልሲ ጠቅልላ ከነጤንነቱ አስረከበችኝ። ፎቶ ቤት በር ላይ ቆሜ መጀመሪያ ያየሁበት የማዶውን ዳቦ ቤት ነው። የጋጋሪው ጥፍር ሥር ያለው ሊጥ ሳይቀር ታየኝ። ደንግጬ አወረድኩት። ሰው ሳያውቅ እንዲህ መታየት የለበትም ብዬ አሰብኩ። ግን ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ።

ካተምኩት ውስጥ የተሻሉትን ልኬልሻለሁ። መጀመሪያ ቀን ያነሳሁት ሁሉ ብዥ ነው፤ አንዱ ላይ ጫማ ብቻ አለ፣ አንዱ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ክርን። በኋላ ግን እጄ ለመደ። በረኛ ማንሳት ከሌላው ይቀላል፤ ብዙ አትሄድም። ትቆማለች፣ ታጨበጭባለች፣ በተከላካዮቹ ላይ ትጮኻለች፣ ተመልሳ ትቆማለች። በሌንሱ ውስጥ አፏ ሲከፈት አያለሁ፤ ድምፁ ግን ከእኔ ዘንድ አይደርስም።

ሚጣ ሁለቱን መስመር ሌላ ጊዜ ትጽፍልሻለች። ትምህርት በዝቶባታል።

የመብራት ቆጣሪው ተበላሽቶ ሰው መጥቶ ሠራው። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ወንድምሽ


የካቲት 5

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ የክፉ ወሬ ደብዳቤ ወዳንተም ወደኔም አይምጣ። ምላሼ ዘግይቷል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልል ነበር፤ አልበዛብኝም። ፎቶዎችህን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ መሳቢያውን ሳልከፍት ከረምኩ።

ከዚያ በፊት ግን ሱቅ ወስጄ፣ ሌንስ የምፈትሽበት መብራት ሥር አድርጌ፣ በማጉያ መነጽር አይቻቸዋለሁ። ሙያዬ ነውና አትቀየመኝ። ከፎቶዎቹ ግማሹ ላይ በስተግራ ግራጫ ጥላ አለ፤ ጭስ ይመስላል። ጭስ አይደለም። የአጥር ሽቦ ነው፤ ሌንሱን ሽቦው ላይ አስጠግቶ የቆመ ሰው ፎቶ እንደዚያ ይወጣል። መሬቱ አካባቢ ደግሞ አየሩ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ያ የሚሆነው ከሩቅ ሲነሳ ነው። ጎሉ በማዶ ነው፤ በመካከላችሁ ሜዳው በሙሉ አለ። «የማነሳው ሁሉንም ነው» ብለኸኝ ነበር። ሁሉም ላይ ያለችው አንዲት በረኛ ናት።

ጸጉሯን ተቆርጣለች። አልነገርከኝም። አንተም ያየኸው በሌንሱ ይመስለኛል።

ጋሼ፣ ሚጣ የምትኖረው የት ነው?

መመለስ ካልፈለግህ አትመልስ። አንተን ብቻ እንዳላስጨንቅ የራሴን ልንገርህ። ጓደኛዬ ማረፏን በስልክ የነገርከኝ ዕለት እጄ ላይ የደንበኛ ሌንስ ነበር። ስልኩን ዘጋሁ። ሌንሱን ጠርጌ ጨረስኩ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ «ተሠርቷል» የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት። ባለቤቱ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። እውነቴን ነበር። እስከ ዛሬም ምንም ነው። አንድ ጃኬት በየተራ እየለበስን ያደግን ሰዎች ነን፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኩም። ጥርሱን ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ሰው ምላሴን ወደ ቦታው እልካለሁ፤ ምንም አይሰማኝም። ልጅቷ ይህን ብታውቅ ምን ትለኝ ይሆን?

ይህን የምጽፍልህ እንዲህ ያለው ነገር የመጣው ባንተ ላይ ብቻ እንዳይመስልህ ነው።

ታናሽህ


መጋቢት 2

ይድረስ ለእህቴ፤

አንቺ ጤና ሁኚ። የሆድን በሆድ ይዞ መኖር የሚቻል መስሎኝ ነበር፤ ካንቺ ማጉያ መነጽር ግን አያመልጥም።

ሕግ የሚባል የለም። የሜዳው በር ሁልጊዜ ክፍት ነው። ወላጆች ገብተው ሣሩ ዳር ይቀመጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ዳኛውን ይሰድባሉ። እኔ ነኝ ያልገባሁት።

ሚጣ የምትኖረው አክስቷ፣ ማለትም የናቷ እህት ዘንድ ነው። ዓመት ሊሆነው ነው። እናቷ ካረፈች በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀረን። መጀመሪያ አካባቢ ታወራኝ ነበር። ታለቅስ ነበር። እኔ እበላለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ሬዲዮ እከፍታለሁ። አንድ ምሽት ሶፋው ላይ ተቀምጬ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ለአክስቷ በስልክ «መጥተሽ ውሰጂኝ፤ እዚህ ቤት ሰው የለም» ስትል ሰማኋት። እኔ እዚያው ተቀምጬ! «አለሁ እኮ» ማለት ነበረብኝ። ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ድረስ ተሸከምኩላት።

ቅዳሜ እንደምትጫወት አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ከቀረብኩ ፊቷን ታዞራለች ብዬ ከሽቦው ውጪ ቆምኩ። ሌንሱን የፈለግሁት ፊቷን ለማየት ነው። ጉዳዩ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን ስሚ። እንደ ልማዴ ሌንሱን ሽቦው ቀዳዳ ላይ ደግፌ ቆሜያለሁ። ጨዋታው በመሐል ቆመ። ቀና ስል አሠልጣኙ በሜዳው ውስጥ ወደ እኔ እየመጣ ነው፤ ከኋላው ሁለት አባቶችና አንዲት እናት። እናትየዋ ጣቷን ቀስራብኛለች።

«ወንድም፣» አለ አሠልጣኙ፤ «ስንት ሳምንት ከዚህ አጥር ጀርባ እናይሃለን። የምታነሳው ማንን ነው?»

«በረኛዋን» አልኩ።

ነገሩን የባሰ አበላሸሁት። እናትየዋ «ሰማችሁ!» አለች።

«ምንህ ናት?» አለኝ።

በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ነበር። ልጄ ናት ብል፣ ጠርተው ቢጠይቋት፣ እሷ ደግሞ አላውቀውም ብትልስ? ይህን ሳሰላ ቆየሁ። አንዱ አባት ስልኩን አውጥቶ ፖሊስ ልጥራ አለ። አልፈራሁም፣ አላፈርኩም፤ ካሜራውን እንደያዝኩ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚሰማ ሰው ቆምኩ።

አሠልጣኙ ዞሮ በእጁ ጠራት። ሜዳውን በሙሉ አቋርጣ መጣች፤ አልሮጠችም። በሌንስ ሳይሆን በዓይኔ ሳያት ረዝማለች።

«ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?»

ያየችው እኔን አይደለም፤ ሌንሱን ነው። «አባቴ ነው» አለች። «ዝም ብሎ መቆም ይወዳል።»

ዞራ ወደ ጎሏ ሄደች። እናትየዋ ይቅርታ ልበል አልበል ግራ ገባት። አሠልጣኙ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ታዲያ በሩ እኮ ክፍት ነው፤ ግባና አንሳ። ለቡድኑም ፎቶ የለንም» አለኝ።

ገባሁ። ጎሉ ጀርባ ትንሽ ፈንጠር ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ ሳነሳ ሌንሱ አልሆን አለኝ፤ ቀርቤያለሁና የሚገባልኝ አንድ ጆሮዋ ብቻ ነው። እስኪመሽ ጆሮ ሳነሳ ዋልኩ። ጆሮዋ የናቷ ነው።

ሌንሱን ነርሷ ስትመለስ ይዛልሽ ትመጣለች። ያንን አጭሩን፣ መጀመሪያ የመረጥሽልኝን ላኪልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 27

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን አለህ? ረጅሙ ሌንስ በሰላም ደርሶኛል። ነርሷ አሁንም በካልሲ ነው የጠቀለለችው። መልሼ መስታወት ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ የወፍ ሰው አይጠፋም።

አጭሩን በፖስታ ልኬልሃለሁ። ዳሩ ትንሽ ተፍቋል፤ መስታወቱ ግን ንጹሕ ነው። ጎል ጀርባ ስትቆም መረቡ ፊት ለፊትህ ስለሚመጣ ፎከሱ መረቡን ይይዝብሃል፤ ከቋሚው ብረት በስተቀኝ ወይ በስተግራ ሁን። ዝናብ ከመጣ በፕላስቲክ ሸፍነው። ሲሸሽግህ ከኖረ አጥር ወጥተህ ሰው ፊት ስትቆም ደግሞ ሰው ያናግርሃል። መልስ። ምንም ባይመጣልህ «እሺ» በል።

የጻፍከውን ወጥ እያሞቅኩ ነበር ያነበብኩት፤ አረረብኝ። ድስቱን ስፈትግ አመሸሁ። ልቅሶው ይመጣልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። ግን ዓመት ሙሉ ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ የጓደኛዬን ፎቶ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። እዚያ አለች። እኔም እዚህ አለሁ።

ሚጣ ከፈቀደች ሳምልኝ። ካልፈቀደች ተዋት።

ታናሽህ


ሚያዝያ 19

ይድረስ ለእህቴ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የላክሽው ሁሉ ለኔ እንደደረሰልኝ ላንቺም የልብሽ ይድረስልሽ።

ሌንሱ ደርሷል። እውነትሽን ነው፣ ይህ ነው የሜዳው ዳር ሌንስ። ፊቷም ይገባል፣ እጇም ይገባል፣ ከኋላዋ ያለው ዓለም ደግሞ ይደበዝዛል። ከቋሚው በስተግራ ቆሜ ነበር። የሌሎቹንም ልጆች አነሳኋቸው። ያቺ ጣቷን የቀሰረችብኝ እናት መጥታ «የኔዋንም አንሳልኝ፤ አሥር ቁጥር ናት» አለችኝ። «እሺ» አልኳት፤ እንዳስተማርሽኝ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጎል ገባባቸው። ሚጣ ወድቃ ተነሳች፣ ኳሱን ከመረቡ አወጣች፣ ድንገት ወደ እኔ ዞረች።

«ኦፍሳይድ ነበር አይደል?»

ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ከእኔ በስተቀር ማንም የለም።

«አላየሁም» አልኳት።

«እዚህ ቆመህ?»

«ኳሱን አልነበረም የማየው።»

«ታዲያ ምን ልታይ ነው የምትመጣው?» አለችኝ በንዴት። ዳኛው ነፋ፤ ዞረች። በዚያው ተሸነፉ።

ሲያልቅ ጫማዋን ልትፈታ ቁጭ አለችና ጓንቷን «ያዝልኝ» ብላ ሰጠችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ ረስታው ሄደች። እኔም አልጠራኋትም። ጭቃ ሆኗል። ቤት ወስጄ በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ፣ በብሩሽ ፈትጌ፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ በመቆንጠጫ ሰቀልኩት። ሲደርቅ ነጭ ሆነ። ማጠቡ ደስ ብሎኝ መሰለኝ፤ ሁለቴ አጥቤዋለሁ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ በሩን ገፍታ ገባች። ፎቶ ቤቱን ከረገጠች ዓመት አልፏታል። አንድ ደንበኛ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰላምም አላለችኝ። ጓንቱን ከመቆንጠጫው አውርዳ መዳፉን ነካካችው፣ አሸተተችው።

«በሳሙና አጠብከው?»

«አዎ። ጭቃ ነበር።»

«በሳሙና! በብሩሽ?» አለችና ጀመረች። የመዳፉ ጎማ በሳሙና እንደሚደርቅ፣ ከደረቀ ኳስ እንደማይዝ፣ ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ እንደሚያውቀው፣ አክስቷ ለልደቷ የገዛችላት እንደሆነ፣ ቅዳሜ በምን እንደምትጫወት፣ እኔ ነገር ሳልጠይቅ እንደምሠራ፣ ወይም ጨርሶ እንደማልሠራ፣ መሐል የሚባል እንደሌለኝ። ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ። ደንበኛው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ፊቷ ቀልቷል። እጇን እንደ ናቷ ታወናጭፋለች።

ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽሽም። ምን እንደተሰማኝ እኔም አላውቀው። አላቋረጥኳትም ብቻ። ነገሩ እያለቀባት ሲመጣ፣ ዝም ልትል ስትል፣ ፈራሁ፤ ይኼ ግን ፍርሃት መሆኑን አውቄዋለሁ።

«ታዲያ በምንድነው የሚታጠበው?» አልኳት ቶሎ ብዬ።

«ለብ ባለ ውሃ! ለብ ባለ ውሃ ብቻ!» አለችና ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ከመጀመሪያው እንደገና ጀመረች።

ወንድምሽ